የነጻው ኮሌጅ ሹራብ

ማሚት መኪናዋን የምታቆመው ሁልጊዜ አፍንጫውን ወደ ግንቡ፣ ጀርባውን ወደ ሰው አዙራ ነው። የኋላ መስታወቱ ላይ አዲስ የተባለው ልጇ የሚማርበት ኮሌጅ ስም በቀይ ፊደል ተለጥፏላ! ሚኒሶታ፣ ፍሪድሊ ከተማ ያለው የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ሁሉ ዘበኛውም ሳይቀር ካርዱን ነክቶ ከመግባቱ በፊት ያንን ስም ማንበብ አለበት። የሥራ ባልደረባዋ ዘይና አራት ዓመት ሙሉ አነበበችው። ማሚት ራሷ በመጀመሪያው ዓመት ስሙን ስትጠራው ምላሷ ይተሳሰር እንደነበር ዘይና አትረሳም። በኋላ ልጁ ለገና ሲመጣ አርሟት ነው መሰል፣ አሁን እንደ ጸሎት ታንበለብለዋለች።

ሁለቱ የሚሠሩት አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ልብ ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ ማሚት ትገጣጥማለች፤ ዘይና ደግሞ በማይክሮስኮፕ እያየች ጭረት ያለበትን ትጥላለች። ሥራው ለዘይና ጠባይ ተለክቶ የተሰፋ ነው። ቤቷም ስትገባ ያው ናት፤ ደህናውን ነገር ሁሉ አገላብጣ ጭረቱን ካላገኘች አይሆንላትም።

የዘይና ልጅ ኢሽራቅና የማሚት ልጅ አዲስ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱት በአንድ ዓመት ነበር። ሁለቱም ጠበቃ እንሆናለን ባዮች ናቸው። አዲስ በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ወዳለው ባለስም ኮሌጅ ሄደ። ኢሽራቅ ግን እዚያው አካባቢ ያለ ሌላ ባለስም ኮሌጅ ተቀብሏት ሳለ፣ ከሚኖሩበት ከኮሎምቢያ ሃይትስ በአንድ አውቶቡስ የሚደረስበትን የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲን መረጠች። ያን ሰሞን ማሚት ምሳ ላይ የተናገረችውን ዘይና እስከ ዛሬ በቃሏ ትወጣዋለች።

"ዘይኑዬ፣ እህቴ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ። ትልልቆቹ የሕግ ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ የሚጠይቁት 'ከየት መጣሽ?' ብለው ነው። ከዚህ ከደጃችን ለወጣ ልጅ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ እንኳ ቀና ብሎ አያይም።"

"ዘበኛው ይህን ሁሉ ካወቀ ምነው እሱ ጠበቃ ሳይሆን ቀረ?" አለች ዘይና።

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ፣ ቤቷ ገብታ፣ "ያ ረቢ፣ ልጄን በአውቶቡስ ትኬት ሸጥኳት ይሆን?" ብላ ባሏን ሙዘይንን አስቸገረችው። ከዚያ በኋላ ኢሽራቅ ጥሩ ውጤት ባመጣች ቁጥር የዘይና ሐሳብ ወደዚያ ዘበኛ ይሄዳል። ልጅቷ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያውን ፈተና ተፈትና ከመቶ ሰማንያው መቶ ሰባ ሦስት ስታገኝ እንኳ የእናቷ የመጀመሪያ ጥያቄ "ሰባቱ የት ሄደ?" የሚል ነበር። ማሚት ግን የአዲስን ውጤት ስትጠየቅ፣ "ፈተና ምን አላት፤ ዋናው ስም ነው" ብላ ወሬ ትለውጣለች።

በኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቷ፣ በኦክቶበር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኢሽራቅ ሳሎን ቁጭ ብላ ላፕቶፗ ላይ የሕግ ትምህርት ቤት ማመልከቻ እየሞላች ድንገት "ወይኔ!" አለች።

"ምን ሆንሽ?" አለች ዘይና ከኩሽና።

"ናቲንግ።"

ዘይና በዚህ አገር ልጅ ስታሳድግ የተማረችው ነገር ቢኖር፣ ልጅ ናቲንግ፣ ምንም አይደለም፣ ሲል ጉድ አለ ማለት መሆኑን ነው። እጇን ሳታደርቅ መጣች። ሙዘይንም ሻዩን ይዞ ቀና አለ።

"ማመልከቻው ላይ የተማርንበትን ኮሌጅ ሁሉ ውጤት አንድ ቦታ እንልካለን" አለች ኢሽራቅ። "እነሱ ራሳቸው ይደምሩታል። ዩኒቨርሲቲ ያለኝ ሦስት ነጥብ ዘጠና አራት ነው አይደል? እነሱ ጋ ሦስት ነጥብ ሰባ ስምንት ሆኖ መጣ።"

"ሰረቁሽ!"

"አልሰረቁኝም፣ ኡሚ። ሃይ ስኩል እያለሁ የተማርኩትን ደመሩት። ያንን የነጻውን ኮሌጅ። ኬሚስትሪውን።"

ሙዘይን "በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ..." ብሎ ጀመረና የሚስቱን ዓይን ሲያይ ገደሉን ከሻዩ ጋር ዋጠው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኢሽራቅ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤቱ ወረቀት መጣ፤ ተማሪው ሁለተኛ ደረጃ እያለ ኮሌጅ ገብቶ በነጻ መማር ይችላል የሚል። ዘይና "ነጻ" የሚለውን ስታይ የቀረውን አላነበበችም። ልጅቷ ታሪክና ጽሑፍ ልውሰድ አለች። እናት ግን ኬሚስትሪና አናቶሚ ላይ ምልክት አድርጋ ፈረመች፤ ይሄ የጠበቃ ምኞት የልጅ ነገር ነው፣ ሲወጣላት ሐኪም ወይም ነርስ ትሆናለች ብላ። ሁለት ወር ሳይሞላ ኢሽራቅ የማቋረጫ ቅጽ ይዛ መጣች። "ኡሚ፣ አልቻልኩም። እስከ ዓርብ ከፈረምሽልኝ ምንም ውጤት አይጻፍብኝም።" ዘይና ቅጹን አጣጥፋ ማይክሮዌቩ ላይ አስቀመጠችው። "አላህ በነጻ የሰጠውን ማን ይመልሳል? ጠንክሪ!" ዓርብ አለፈ። ኬሚስትሪው ዲ፣ አናቶሚው ሲ ማይነስ ሆኖ መጣ። ያኔም ዘይና "የልጅ ውጤት ማን ያየዋል!" ብላ ዘጋችው።

ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ዘይና የዚያን ኮሌጅ ሹራብም ገዝታ ነበር። አረንጓዴ፣ ባለቆብ፣ ስሙ ደረቱ ላይ ከሩቅ እንዲነበብ ሆኖ የተጻፈ። "ልጄ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ኮሌጅ ገባች" እያለች ፋብሪካም፣ ለጁምዓ መስጊድም ለብሳው ሄዳለች። የማሚት መስታወት ላይ ገና ምንም ሳይለጠፍ ዘይና ራሷ የምትሄድ ማስታወቂያ ነበረች። ውጤቱ ሲመጣ ሹራቡን ቁም ሳጥን ውስጥ ከሻንጣዎቹ ሥር ቀበረችው።

"የዩኒቨርሲቲው ስምስ? እሱም ጎድቶሻል?" አለች አሁን። ጥፋቱ ቢያንስ በከፊል የሌላ ሰው እንዲሆን ፈልጋ ነበር።

"ማም፣ ስም ትንሽ ይረዳ ይሆናል፣ አልክድም። ግን መጀመሪያ የሚያዩት ነጥቡንና ፈተናውን ነው። እኔን የሚጎዳኝ ዲዋ ናት።"

ኢሽራቅ ከማመልከቻው ጋር የሚሄድ አጭር ማብራሪያ ጻፈችና በአማርኛ ተረጎመችላቸው። "በአሥራ ስድስት ዓመቴ ከአቅሜ በላይ የሆነ ትምህርት መረጥኩ ይላል።"

"አንቺ ነሽ የመረጥሽው?"

"እንደዚያ ነው የሚጻፈው። እናቴ ናት ካልኩ ሰበብ ይመስላል።"

"ሕግ ልትማሪ ነው በሐሰት የምትጀምሪው? የፈረምኩት እኔ፣ አልፈርምም ያልኩትም እኔ። ጻፊው!"

"አንቺ እዚህ ምስክር ነሽ ወይስ ተከሳሽ?" አለ ሙዘይን።

"አንተ ሻይህን ጠጣ!"

ኢሽራቅ ሳቋ መጣ፤ ግን ማብራሪያውን አጠፋችው። ብዙ ከጻፈችና ከሰረዘች በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበች። "ቤታችን ውስጥ በአሥራ ስድስት ዓመት የተገኘ የኮሌጅ ውጤት ዕድሜ ልክ እንደሚከተል የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አሁን ሦስት አለን።" ዘይና ሦስት ጊዜ አስነበበቻት። ስድብ ፈለገችበት፣ አጣች። "ላኪው" አለች።

ከሳምንት በኋላ ምሳ ላይ፣ በቅርቡ የተቀጠረችው ፈነት ፊቷን ደስታ ሞልቶት መጣች። ብሩክሊን ፓርክ የምትኖር፣ አሥረኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያላት ሴት ናት።

"ልጄን ነጻው ኮሌጅ ላስገባው ነው! ሳይንስ ሳይንሱን በሙሉ ባንድ ጊዜ አስመዝግቤዋለሁ።"

"ጎበዝ!" አለች ማሚት። "ልጅ በጊዜ ነው።"

ዘይና የምሳ ዕቃዋን ገፋ አደረገች። አሁን ብትናገር ማሚት ክረምቱን ሙሉ የምትስቅበት ስንቅ ታገኛለች። ዝም ብትል ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ የፈነት ሳሎን ውስጥ ሌላ ልጅ "ናቲንግ" ይላል።

"አስገቢው" አለች በመጨረሻ። "ግን የሚችለውን እሱ ይምረጥ። ካቃተው ደግሞ ቀኑ ሳያልፍ ፈርመሽ አስወጪው። እዚያ ያገኛት ውጤት ሲሸመግልም አትለቀውም። ኢሽራቅን ይኸው ሕግ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቃ ያዘቻት።"

ማሚት ሹካዋን አስቀመጠች። "ውይ! የዚያ የአረንጓዴው ሹራብ ጊዜ? ለጁምዓ ሳይቀር የለበስሽው?"

"እሱው ነው።"

"በይ እንግዲህ አለቀላታ! ከኮሌጁ ስም ሌላ ደግሞ ይሄ ተጨመረባት።"

"ይለቅላት አይለቅላት አላህ ያውቃል" አለች ዘይና። "የመኪናሽ መስታወት ግን አያውቅም።"

ፈነት የወረቀት ናፕኪን ስባ የማቋረጫ ቀኑ የት እንደሚገኝ ጻፊልኝ አለቻት።

የበረዶው ክረምት ጠና። ዘይና ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት መልሱ ሳይመጣ አስቀድማ ለቅሶ ተቀመጠች። የመጀመሪያው አልቀበልም አለ። ሁለተኛውም እንደዚሁ። "አላልኳችሁም?" አለች፤ ትክክል መሆኗ ግን ምንም አልጣማትም። ሌላ ጊዜ በሰው የምታፌዝባትን ምላስ አሁን በራሷ ላይ አዞረቻት። "ኬሚስትሪ! ጠበቃ እሆናለሁ ላለች ልጅ ኬሚስትሪ! ወረቀት ማንበብ ያቃታት ሴት በማይክሮስኮፕ ጭረት ታያለች!"

በማርች አንድ ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ስልኳን ፋብሪካው ውስጥ ካለው የዕቃ ሳጥኗ ስታወጣ ከኢሽራቅ መልእክት አገኘች። "ኡሚ፣ ገባሁ" ይላል፤ ከሥሩ የትምህርት ቤቱ ስም። ማሚት በእንቅልፍ ልቧ እንኳ ከምትቆጥራቸው ከላይኞቹ አንዱ ነው። ዘይና እዚያው ቆማ ደወለች።

"ስምሽን በትክክል ጽፈውታል? የሌላ ኢሽራቅ እንዳይሆን።"

"ኡሚ፣ ስንት ኢሽራቅ ሙዘይን አለ?"

"አይታወቅም። ዲዋንስ አይተዋታል?"

"አይተዋታል።"

"ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብቢው፣ አንድ ነገር አይጠፋውም።"

"አንብቤዋለሁ። አባ አራት ጊዜ አስነብቦኛል። አሁን ማልቀስ ትችያለሽ።"

ዘይና የዕቃ ሳጥኗ በር ጀርባ ፊቷን ደብቃ አለቀሰች።

በዚያው ወር የማሚት ልጅ አዲስ እዚያው አቅራቢያ ሴንት ፖል ከተማ ያለ የሕግ ትምህርት ቤት ሊገባ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ተሰማ። በትምህርት ቤቱ ምንም ነውር የለበትም፤ ደህና ጠበቃ ይወጣዋል። ማሚት ግን "ላይኞቹ ጠፍተውት አይደለም፣ እኔን አዝኖልኝ ነው" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ዘይና ምላሷ ጫፍ ላይ የደረሰውን ያንን ዘበኛ በግድ መለሰችው። ልጁ ምን አደረጋት።

"አንቺ አሁንማ ትለጥፊያለሽ" አለች ማሚት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ፀሐይ የማያደበዝዘው ዓይነት አለ፤ እኔ የገዛሁት ለቋል።"

ሰኞ ጠዋት ዘይና ከመኪናዋ ስትወርድ አረንጓዴውን ሹራብ ለብሳ ነበር። ከሻንጣ ሥር እንደወጣ ተጨማዷል፣ የብል መከላከያ ይሸታል። ማሚት ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ይሄ እኮ የድሮው ነው! ልጅሽ የገባችበት የታለ?"

"የገባችበትን እሷ ትልበሰው" አለች ዘይና። "እኔ የተማርኩት እዚህ ነው።"

ፈነት ከኋላቸው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ዘይና ሹራቡን አውልቃ ሰቀለችው፣ የሥራ ጋውኗን ለበሰች፣ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። የመጀመሪያው ቱቦ ምንም ጭረት አልነበረበትም። አገላብጣ ደግማ አየችው።