ትልቁ ሰለሪ የልጄ ነው

«ሾርባውን ልጄ ትሥራው» አለች እናቷ፣ ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች ሁሉ እየሰሙ። «የአባቷን የሰለሪ ሥር ከእሷ በላይ የሚያውቅበት የለም። ሲሰጣት ጥርግ አድርጋ ነው የምትበላው።»

ልጅቷ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እስካሁን አላለቀሰችም፤ ማዕዘን ላይ የተቀመጡት ሴቶች «ልጅየዋ ድንጋይ ናት» ብለው ሲንሾካሾኩም ሰምታለች። አሁን ደግሞ ይሄ መጣ። ሰለሪውን በሕይወቷ አንድም ቀን ቀምሳው አታውቅም።

አባቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። መሪውን እንደለቀቀ ጓሮው ውስጥ ገባ። ሰው ሰላጣና ካሮት ሲተክል እሱ ሰለሪ ያዘ፤ ያውም ለቅጠሉ ሳይሆን ለሥሩ። ስድስት ወር ሙሉ ውኃ ሲያጠጣ፣ የታች ቅጠሉን ሲቀነጥብ፣ በጎን የሚወጡትን ቀጫጭን ሥሮች በቢላ ሲመለምል ይከርማል። ያ ሁሉ ተለፍቶ የሚወጣው የልጅ ጭንቅላት የሚያክል፣ ሻካራ፣ ጢማም ድቡልቡል ነው።

«መልኩን አትይ» ይላታል። «እናትሽም እኔን ለመልኬ ብላ አላገባችኝም።» ከዚያ ትልቁን መርጦ በጋዜጣ ይጠቀልለዋል። «ይሄ የልጄ ነው።»

እሷ መድኃኒት ቤት ቆማ ስለምትውል ማታ ማታ እግሯ ዝሎ ነው ቤቷ የምትገባው። ለማብሰል ማን ጉልበት አለው? «እግዜር ይስጥልኝ አባዬ» ብላ ትቀበለውና ወደ ቤቷ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ትታው ትወርዳለች። በስልክ ሲጠይቃት «ማር ነው!» ትለዋለች። እንዲህ እያለች ስንት ዓመት!

አሁን ከለቀስተኞቹ መሃል ተነሥታ ጓሮ ወጣችና የአንዱን ሰለሪ ቅጠል ይዛ ሳበችው፤ ተቀንጥሶ እጇ ላይ ቀረ። በአካፋ ቆፍራ አወጣችውና ወጥ ቤት ወስዳ እንደ ድንች ስስ አድርጋ ልትልጠው ሞከረች። አፈሩ ከየስርጉዱ አልወጣ አለ። የቆረጠችውም ዓይኗ እያየ ጠቆረ።

እናቷ ገብታ የወጥ ቤቱን በር ዘጋች።

«እማዬ፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«አውቶቡስ ላይ እንደምትተዪው ነዋ! አባትሽ ሃያ ዓመት በነዳበት መስመር እየሄድሽ! ትኬት ቆራጩ ጓደኛው አይደል? በማግስቱ ከነጋዜጣው ይመልስለታል።»

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። «አባዬ ምን አለ?»

«መጀመሪያ ቀን ከፋው፤ አልዋሽሽም። ከዚያ ቀቅሎ በላው። ‹ተያት፣ ደክሟት ነው› አለኝ። ‹ማር ነው› ስትዪውማ ስልኩን ዘግቶ እንባው እስኪመጣ ነበር የሚስቀው።»

«ለምን አልነገራችሁኝም ታዲያ?»

«ብንነግርሽ አፍረሽ ትቀሪ ነበራ። እሱ የፈለገው ሰለሪውን እንድትበዪ ነው? እንድትመጪለት ነው እንጂ።»

«ዛሬስ በሰው ፊት ለምን...»

«ሌላ ምን ብዬ ከዚያ ሁሉ ሰው ላውጣሽ? ሦስት ቀን ሙሉ ጠብ ያለ እንባ የለሽም። ደግሞ...» እናቷ የጠቆረውን ቁራጭ አገላበጠች። «የዘንድሮውን ብቻዬን መብላት አቃተኝ።»

ያኔ ልጅቷ አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ ንፍጧ እየወረደ፣ እንደ ልጅነቷ። እናቷ ዝም በዪ አላለቻትም፤ እስኪወጣላት ጠብቃ ቢላውን ሰጠቻት።

«ወፍራም አድርገሽ ላጪው። ግማሹ ይሂድ፣ አትሰስቺ። ስትቆርጪ ሎሚ ያለበት ውኃ ውስጥ ጨምሪው፣ አይጠቁርም።»

ከሽንኩርትና ከድንች ጋር ቀቀሉት፤ ፈጭተው ወተት ጨመሩበት። ለቀስተኞቹ ከበሉ በኋላ ሁለቱ ድስቱ አጠገብ ቀሩ። ልጅቷ አንድ ማንኪያ ቀመሰች። አፈር አፈር፣ መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

«እህስ?» አለች እናቷ።

«አልጣመኝም እማዬ።»

እናቷ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ልጅቷ ሳህኑን እስከ መጨረሻው በላችና እንደገና ዘረጋችላት።