ወደ ኋላ የምትበረው ወፍ

ሠፈሩ «ወስፌ» ይላታል፤ ምላሷ ይወጋላ! ሠላሳ ዓመት ባንዲራ ሰፍታለች። አሮጌው ባንዲራ ሦስት መስመር ብቻ ስለነበር ዘንግ የሚገባበትን ኪስ በፈለጉት ጫፍ ቢሰፉት ለውጥ የለውም። እሷ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ትሰፋዋለች፤ እጇ ለምዷል።

አሁን አገሩ አዲስ ባንዲራ መረጠ፤ መሃሉ ላይ ወደ ግራ የምትበር ነጭ ወፍ አለችበት። የመጀመሪያው በእጅ እንዲሰፋ ሲወሰን የስፌት ቤቱ ኃላፊ «እትዬ፣ ዓይንዎ ደክሟል፤ ለሌላ እንስጠው» አላት። ደሟ ፈላ። «አንዲት ስህተት ካገኘህ መርፌዬን አስረክቤ ቤቴ እቀመጣለሁ!» ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዓይኗማ በእርግጥ ደክሟል፤ ጠዋት ጠዋት ባሏ ሥራ ከመሄዱ በፊት አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብቶላት ነው የሚወጣው። ይህን ከሁለቱ በቀር ማንም አያውቅም።

ባንዲራው በሚሰቀልበት ቀን በማለዳ፣ ሰፍታ የጨረሰችውን ቤቷ ውስጥ በመጥረጊያ እንጨት ላይ ሰክታ ለባሏ አሳየችው። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሻዩን ፉት እያለ ትክ ብሎ አየው።

«አንቺ፣ ይቺ ወፍ የኋላ ማርሽ አስገብታለች እንዴ?»

«ምን ትላለህ አንተ!»

«ዘንጉ ፊት ነው፣ ጨርቁ ከኋላው ይውለበለባል። እሷ ግን ጀርባዋን ለዘንጉ ሰጥታለች። እኔ እንዲህ ብነዳ መንጃ ፈቃዴን ይቀሙኛል።»

ወስፌ ባንዲራውን አየች፣ ቀኝ እጇን አየች። «ወይኔ ጉዴ! ይሄ ልማደኛ እጅ!»

የቀራቸው ሁለት ሰዓት ነው። እሷ ኪሱን ተርትራ በግራ ጫፍ ሰፋችው፤ እሱ ክር እያስገባ አቀበላት። እየተነጫነጩ፣ እየተሳሳቁ ጨረሱና እየሮጡ ባንዲራው የሚሰቀልበት አደባባይ ደረሱ።

ባንዲራው ወጣ። ነፋስ የለም፤ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠለጠለ። ድንገት ነፋሱ መጣና ጨርቁን ዘረጋው፤ ወፏ አንገቷን ወደ ዘንጉ ቀስራ ወደ ፊት በረረች! አደባባዩ በእልልታ ተናጋ። ወስፌም ከደስታዋ ብዛት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ኃላፊው መጥቶ እጇን ጨበጠ። «እትዬ፣ አንድም ስህተት አጣሁበት። ነገ ይመጣሉ አይደል?»

ወስፌ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ባሏ ከኋላዋ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ ጠየቃት።

«ነገ ስንት መርፌ ላዘጋጅልሽ?»

«ሃያ» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «በጠዋት ተነሣ።»