ይመር ያፈላው ሻይ

ነገሬ ያመጣልን ቆርቆሮ ሲከፈት የታጨደ ሣር ሸተተኝ። ነገሬ የባለቤቴ የይመር የኮሪያ ዘመቻ ጓደኛ ነው፤ እስካለፈው ሳምንት የአንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ሾፌር ነበር። ሰውዬው አገሩ ሲገባ የተረፈውን ሻይ ሰጥቶት፣ እሱ ደግሞ ከጦር ኃይሎች ኮልፌ ድረስ በእግሩ ይዞልን መጣ።

«አረንጓዴ ሻይ ነው፤ ለጤና ነው አሉ» አለኝ።

ሻይ ከሆነማ እኔን ማን ያስተምረኛል! ማንቆርቆሪያውን ከሰል ላይ ጥጄ ሁለት እፍኝ ቅጠል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ስኳር ጨምሬ እስኪንተከተክ አፈላሁት። ነገሬ አንዴ ፉት ብሎ ፊቱን አጨማደደ።

«ጤናዬ፣ ኮሶ ነው እንዴ ያጠጣሽኝ?»

ቀመስኩት። ከኮሶ ቢብስ እንጂ አይሻልም። አፍሬ ልደፋው ስነሳ ይመር «ቆይ፣ እኔ ላፍላው» አለ።

ሳቄ መጣ። ይመር እኮ እንስራው አጠገቡ ሆኖ «ጤናዬ፣ ውኃ!» ብሎ የሚጣራ ሰው ነው።

ማንቆርቆሪያውን ራሱ አጥቦ ንጹሕ ውኃ ጣደ። ሲፈላ አወረደውና ዝም ብሎ ተቀመጠ።

«ምን ትጠብቃለህ? ቀዘቀዘ እኮ!»

«ትንሽ ይብረድ። የፈላ ውኃ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፤ ምሬቱ ከዚያ ነው የሚመጣው» አለኝ።

እንፋሎቱ ሲሳሳ ጥቂት ማንኪያ ቅጠል ብቻ ጨመረ፤ ቀረፋ የለ፣ ስኳር የለ። አንድ አባታችን ሆይ የሚደገምበትን ያህል ቆይቶ፣ አንዱ ቀጥኖ አንዱ እንዳይወፍር ለሦስታችንም ትንሽ ትንሽ እያዞረ ቀዳ። ከዚያ የእኔን ስኒ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጠኝ።

በሁለት እጁ! ይመር! ለእኔ!

ጠጣሁት። ምሬቱ የት እንደገባ እንጃ፤ ለስላሳ ሆኖ መጨረሻው ላይ ጣፈጥ ይላል። እንዲህ ያለ ሻይ ቀምሼ አላውቅም። ግን እንዲህ ያለ ሙያ በአንድ ቀን እንደማይለመድ ሴት ሆኜ አውቃለሁ።

«ማን አስተማረህ?»

ነገሬ ኮፍያውን መፈለግ ጀመረ። ኮፍያው ራሱ ላይ ነበር።

«ሆስፒታል...» አለ ይመር።

«ሆስፒታል ለሚስት ጎንበስ ማለት ያስተምራል?»

የራሱን ስኒ መሬት ላይ አስቀመጠ። «ከኮሪያ ቆስዬ ቶኪዮ ሆስፒታል የተኛሁት ሦስት ወር ነው» አለ በመጨረሻ። «የቀረውን ዘጠኝ ወር አንዲት ሴት ቤት ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት እኔ ነበርኩ የማፈላላት።»

ክው አልኩ። ያኔ አንድ ከዘመቻ የተመለሰ ወታደር «ይመር ወድቋል» ብሎ አርድቶኝ ነበር። ፀጉሬን ተላጨሁ፣ ከል ለበስኩ፣ የጆሮ ወርቄን ሸጬ ተዝካር ደገስኩ። ከዓመት በኋላ በሩ ላይ ሲቆም ጮኼ ወደቅሁ። «እጄን ተመትቼ ዓመት ሙሉ ተኛሁ፣ መጻፍ አቃተኝ» አለኝ። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት አምኜው ኖርኩ። ብዕር መያዝ ያቃተው እጅ ለካ ሻይ ይቀዳ ነበር!

«አንተ ለእሷ ሻይ ስታፈላ፣ እኔ እዚህ ተዝካርህን አወጣ ነበር» አልኩት።

ነገሬ ደህና ዋሉ ሳይል ወጣ። ይመር አንገቱን ደፋ። ስኒውን ግድግዳው ላይ ልወረውረው አነሳሁትና መልሼ አስቀመጥኩት።

«ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ለእኔ ታፈላለህ» አልኩት። «እያፈላህ ስሟንም፣ ቤቷንም፣ ሁሉንም ትነግረኛለህ። ቆርቆሮው ባዶ ሲሆን፣ አብረን እንኑር አንኑር ያኔ እነግርሃለሁ።»

ይመር ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን አየ። ሁለት እፍኙን እኔ በቅርንፉድ አበላሽቼው፣ የቀረው ለሳምንት አይበቃም።