የተቀበረው አሚቾ

ሼህ ሙሀባ ከወሎ ወደ ሶዶ ሲመጡ ቁርኣናቸውንና ትዕግሥታቸውን ይዘው ነበር። ቁርኣኑ አሁንም አለ። ትዕግሥቱን ግን ሶርሳ ጨረሰባቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን በገባ በዓመቱ የጦር በቅሎዎች የአገርነሽን የእንሰት ጓሮ ረግጠው ድምጥማጡን አጠፉት። አገርነሽ ሁለት ልጆች ይዛ የቀረች ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ዝናቡ ሳያልፍ ችግኝ ካልተከለች ልጆቿን ነገ የምታበላው የላትም። የጎረቤቷ የሶርሳ ጓሮ ደግሞ ከእንሰት ብዛት ፀሐይ አያስገባም፤ እጁም ምንም አያስወጣም።

ይህ ሰው ከጁምዓ ሶላት ቀርቶ አያውቅም። ሼሁ ሦስት ጁምዓ በተከታታይ፣ ዓይናቸውን እሱ ላይ ተክለው፣ በአላህ መንገድ የሚሰጥ ሰው ሰባት ዛላ እንዳወጣች፣ በየዛላውም መቶ ፍሬ እንደያዘች ዘር ነው የሚለውን ምሳሌ አስተማሩ። የአገራቸውን የወሎን የስንዴ ማሳ፣ አጨዳውን፣ አውድማውን ሁሉ አብራሩ። ሶርሳ «ማሻአላህ!» እያለ ሰምቶ እጁን አጣምሮ ቤቱ ገባ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

ሼሁ አንድ ጠዋት ሊቆጡት ቤቱ ድረስ ሄዱ። ሶርሳ ያማረ እንሰት ቆርጦ ጥሏል። አሚቾውን፣ ያንን ወፍራም ሥር፣ መሐሉን ፈልፍሎ እበት ሞልቶበት አፈር ሲያለብሰው አገኙት።

«ምነው ሶርሳ! ጤነኛ ተክል ትቀብራለህ?»

ሶርሳ ከልቡ ሳቀ። «ሼህ፣ የኛን አገር እርሻ አያውቁማ! ካልቀበሩት አይወልድም። ከዚህ ከአንዱ መቶ ችግኝ ይወጣል። ለአንዱ የሳሳ ሰው መቶውን አያይም።»

ሼሁ ቁጣቸው ጠፋባቸው። ደስ ብሏቸው፣ መንገዱን ሙሉ ብቻቸውን እየሳቁ ተመለሱ።

ጁምዓ ዕለት አንቀጹን እንደ ወትሮው አነበቡ። ከዚያ ስንዴውን ትተው ስለ አሚቾ አወሩ። «ይህን ያስተማረኝ እዚሁ ያለ አዋቂ ገበሬ ነው፤ ‹ለአንዱ የሳሳ ሰው መቶውን አያይም› ብሎኛል» አሉ። ሰዉ ሁሉ ማን እንደሆነ ለማወቅ ዞር ዞር አለ። ያን ቀን ሶርሳ «ማሻአላህ» አላለም።

በማግስቱ ሼሁ በአገርነሽ ደጅ ሲያልፉ፣ ሶርሳ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ከገዛ ጓሮው ያመጣውን የእንሰት ችግኝ ይተክላል። እሷ ከኋላው እየተከተለች ትመርቀዋለች።

«ሦስት ጁምዓ ስለ ስንዴው ስለፈልፍ የት ነበርክ?» አሉት።

«ሰምቻለሁ፣ ሼህ» አለ ሶርሳ፣ ቀና ብሎ ማየት አፍሮ። «ግን ለወሎዎች የተነገረ መስሎኝ ነበር።»