ቴክሳስ የተማሩት፣ ፍሩንዜ የተማረው

ሻምበል ባሻ ይርዳውና አገኘሁ ደብረ ታቦር ላይ አጥር ለአጥር ይኖሩ ነበር። ሁለቱም የተዋጊ አውሮፕላን መካኒኮች ነበሩ፤ ይርዳው በንጉሡ ዘመን ቴክሳስ ተምረው፣ አገኘሁ በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት፣ ፍሩንዜ ከተማ ተምሮ። በስልሳ ዘጠኝ መንግሥት ከአሜሪካ ተጣልቶ ከሶቪየት ሲወዳጅ የይርዳው አውሮፕላኖች መለዋወጫ አጡ። እሳቸውም "የኢምፔሪያሊስት ምሩቅ" ተባሉና ዕቃ ግምጃ ቤት ተወረወሩ፤ ቆይተውም ጡረታ ወጡ። በሰማንያ ሦስት ደርግ ወደቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ሶቪየት ራሷ ፈረሰች። አገኘሁ ሶቪየት የተማረ የደርግ ወታደር ተብሎ ከታሰረበት ካምፕ ሲወጣ አገሩ ገብቶ የወፍጮ ሞተር መጠገን ያዘ።

መጀመሪያ በተገናኙ ቀን ይርዳው፣ "የእኔን ቦታ የያዛችሁት እናንተ ናችሁ አይደል?" አሉት።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"አሁንስ ማን ያዘው?"

"ማንም።"

ይርዳው ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ ሆኑ።

በዘጠና ዓመተ ምሕረት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣ። ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ የወታደር መኪና አገኘሁ ከሚሠራበት ወፍጮ ቤት ደጃፍ ቆመ። የወረደው መኮንን በትሕትና ነበር የተናገረው፤ መንግሥት ከራሽያ ጄት ገዝቷል፣ ራሽያኛ የሚያውቅ መካኒክ ጠፍቷል፣ አገር ትፈልግሃለች አለው። አገኘሁ እስከ ነገ ጊዜ ስጠኝ አለ።

ሚስቱ ደሳለች ተቆጣች። "ያሰሩህም በራሽያኛህ፣ የሚወስዱህም በራሽያኛህ!"

አጠገባቸው የተቀመጡት ይርዳው፣ "ስለ እኔስ ጠየቁ?" አሉ።

አገኘሁ ሊዋሽ አሰበ፤ አልሆነለትም። "አልጠየቁም፣ ጋሼ።"

"ቤቴን አያውቁት ይሆናል።"

"የተገዛው የራሽያ ነው እኮ።"

"ይሁና። ሞተር ሞተር ነው።" ይህን ብለው ተነሥተው ወጡ።

አገኘሁ ሄደ። ደብረ ዘይት ሲደርስ ፍሩንዜ ያስተማረውን ራሽያዊ አገኘው። "ጓድ መምህር!" ብሎ አቀፈው። ሰውዬው ሳቀና፣ "ጓድነቱ ቀርቷል፤ አሁን በኮንትራት ነው" አለው። ክፍል ውስጥ ከአገኘሁ ጎን ይቀመጥ የነበረ የአስመራ ልጅም በኤርትራ በኩል ሆኖ ያንኑ ሥራ እንደሚሠራ ነገረው። አገኘሁ ጄቶቹ ወደዚያ ልጅ እንደሚበሩ እያወቀ ብሎናቸውን ያጠብቅ ነበር።

አንድ ቀን ለአለቃው የይርዳውን ነገር አነሣ። "የአሜሪካ ዕቃ የለንም" አለው አለቃው። ጦርነቱ ሲያበቃ አገኘሁን አመስግነው አሰናበቱት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሽብርን እንዋጋ ተብሎ አሜሪካና መንግሥት ዳግም ተወዳጁ። የአሜሪካ ወታደሮች የውኃ ጉድጓድ ሊቆፍሩ ደብረ ታቦር መጡ። ይርዳው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከረባት አስረው ሄዱ። ሲመለሱ አገኘሁ በር ላይ ጠበቃቸው።

"ምን አሉዎት?"

"አንዱ ልጅ የት ተማሩ አለኝ፤ የጦር ሰፈሩን ስም ነገርኩት። እሱ ሳይወለድ ተዘግቷል።"

"የእኔም ፍሩንዜ ስሟ ተለውጧል፣ ጋሼ።"

ይርዳው ከረባታቸውን ፈታ አደረጉ። "ግን ጨዋ ልጅ ነው። ‘ሰር’ ብሎ ነው ያከበረኝ።"

ይርዳው ዓመቱን ሙሉ ይህንኑ ሲያወሩ ከረሙ።