ወረፋ የያዘ ድንጋይ

ባየችን ዓመታት ሙሉ ሲያንገበግባት የኖረው የውሃው ማነስ አይደለም፤ ውሃው የሚሄድበት ቀን ነው። እሷ ያለችበት የጭሮ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር ከሚኤሶ ወጣ ብላ ላለች ደረቅ መንደር ንጹሕ ውሃ የሚያደርሰው በገበያ ቀን ብቻ ነው። በገበያ ቀን ደግሞ የመንደሩ ሴቶች ፍየላቸውንና ከሰላቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ውሃው የሚጫንበት አይሱዙ የጫት ነጋዴው የሳቢር ነው፤ በነጻ ያውሳል፣ ግን በገበያ ቀን ብቻ፤ ያኔም ከሰዓት ጫት ይጫንበታል። ባየች “ቀን እንቀይር” ባለች ቁጥር ሰብሳቢው መምህር ተስፋዓለም “ለተሰጠን ማመስገን ነው እንጂ፣ ወይዘሮ ባየች” እያለ አፏን ያስይዛታል።

ሴቶቹ ታዲያ መላ አበጁ። ገበያ ከመሄዳቸው በፊት እያንዳንዷ የራሷን ድንጋይ መኪናው ከሚቆምበት ግራር ሥር ትደረድራለች። ድንጋይዋ ካለ እሷ ቆማለች ማለት ነው። የመንደሩ ሰው አይነካውም።

ዛሬ ግን ሹፌሩ ኢርሻድ ወደ ግራሩ ጥላ ሲጠጋ፣ አዳዲሶቹ በጎ ፈቃደኞች ዘለው ወረዱና “ለጎማው እንጥረግለት” ብለው ድንጋዩን ሁሉ ዳር ላይ ከመሩት። ባየች ከጋቢና እስክትወርድ አለቀ።

“ምን አደረጋችሁ? ሰው እኮ ነው የጣላችሁት!”

“ኧረ ድንጋይ ነው፣ ማዘር!” አንዱ ሳቀ።

“ቢሻን ዱፌ!” ተባለ። ውሃ መጣ ሲባል ቤት የዋለው ጎረምሳ ሁሉ ጀሪካኑን እያንኳኳ ጎረፈ። ከኋላ አሮጊቷ አዴ ፋጤ በምርኩዛቸው ደረሱ። መቆም ስለማይችሉ ድንጋያቸውን ከሁሉ ፊት አስቀምጠው ቤታቸው አረፍ ብለው ነበር። ባለፈው ሳይደርሳቸው አልቆ የኩሬ ውሃ ጠጥተው ተቅማጥ ሊገድላቸው ነበር። ባየች ያኔ “በሚቀጥለው አይቀርብዎትም” ብላ ምላለች።

“ድንጋዬ የታለ፣ ልጄ?”

ባየች ዳር ወደተከመረው ጠቆመች።

“ክፈቱ እንጂ! ሰዓቱ ሄደ!” አብሯቸው የመጣው ተስፋዓለም ጮኸ። ጎረምሶቹ እየተገፈታተሩ ነው።

ባየች ጎማውን ረግጣ አይሱዙው ላይ ወጣች። የአዴ ፋጤን ጀሪካን ተቀብላ እስካፉ ሞላችና አወረደችላቸው። ከዚያ የቧንቧውን እጀታ ነቅላ ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው፤ ጀርባዋን ለውሃው ሮቶ ሰጥታ ተቀመጠች።

“ሴቶቹ መጥተው ድንጋያቸውን ለይተው እስኪደረድሩ ጠብታ አይወርድም።”

“ሳቢር ያርደኛል፣ ወላሂ!” አለ ኢርሻድ። “ጫቱ ከጠወለገ ማን ይገዛዋል?”

“ይጠውልግ! ሰው ሲጠወልግ ዝም ብለሃል።”

“መኪናውን ይከለክለናል እኮ፣ ወይዘሮ ባየች። ሁለተኛ ውሃ የለም ማለት ነው!” አለ ተስፋዓለም።

እውነቱን ነው፣ ሳቢር ይከለክላል። ከዚያ በኋላ በምን ይመጣል? አታውቅም። ግን ለባለ ጉልበት ብቻ ለማደል ከጭሮ ድረስ መንከራተት አንገሽግሿታል።

የኢርሻድ ስልክ ጮኸ። ስሙን አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ።

“ወዲህ በል” ብላ እጇን ዘረጋች። “ሳቢር፣ ባየች ነኝ። መኪናህ ደህና ነው፣ እኔ እላዩ ላይ ነኝ። ከፈለግከው ለእኛ ከገበያ ቀን ሌላ ቀን ስጠን፤ ዛሬ ግን ሴቶቹ ሳይቀዱ አይነሳም።”

ስድቡን ሳትሰማ ዘጋችው።