ሞስ የሌለበት ቅዳሜና እሁድ

ዓርብ፣ ሜይ 12 ቀን 2017፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ውሻችንን ሞስን ለጎረቤታችን ለአይቮር አስረክቤ ወደ ካምፐር መኪናችን ተመለስኩ። ደቂቃው ሳይቀር ትዝ የሚለኝ ባለቤቴ ቤሪል ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰዓቷን እያየች ትጠብቀኝ ስለነበር ነው።

"አለቀሰ?" አለችኝ።

"ጅራቱን እየቆላ ነው የገባው። አይቮር ቋሊማ እየጠበሰ ነበር።"

ይሄ እውነት ነው። ከሦስት ቀን በፊት የነገርኳት ግን ውሸት ነበር። የምንሄድበት የማደሪያ ሜዳ ውሻ አያስገባም ብያት ነበር።

አልጋና ምድጃ ባላት በዚያች ነጭ ካምፐር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ዓርብ ወጥተን እሁድ ስንመለስ ኖረናል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ሁለት ብቻ ነበርን። ቤሪል ካርታውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መንገድ ትመራኛለች፣ ስሳሳት ትስቅብኛለች። ሞስ ሲመጣ ጉልበቷን ወሰደው፤ ካርታው ወደ መሳቢያ ገባ። አልጋው ላይ በመሀላችን ይጋደማል፤ ጀርባውን ለእኔ፣ አፍንጫውን ለእሷ። ካምፐር ያለን ሰዎች መንገድ ላይ ስንተላለፍ እጅ እያወዛወዝን ሰላም እንባባላለን። ቤሪል የራሷን እጅ ትታ የሞስን እግር አንስታ ታውለበልብ ነበር። በማዶ የሚመጡት ሰዎች በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔም እጄን አነሳለሁ፣ ማንም አያየውም።

ሰኞ የሳንባዋ ሕክምና ሊጀመር ነው። ከዚያ በኋላ መቼ መንገድ እንደምንወጣ፣ ጨርሶ እንወጣ እንደሆነም፣ ሐኪሙ አልነገረንም። እኔ የፈለግሁት ሁለት ሌሊት ብቻ ነበር። ሁለት ሌሊት፣ በመሀላችን ማንም ሳይተኛ።

ሞርፔዝ ስንደርስ ዝናብ ያዘን። ከተማውን ወጣ ስንል ዓይን የሚወጋ ፀሐይ ወጣ፤ ባሕሩ ከሩቅ ሲታይ ደግሞ በረዶ ጣሪያችንን ይቀጠቅጠው ጀመር። አራት ካምፐሮች እጅ አወዛወዙልን። ቤሪል እጇን ኪሷ ከተተች።

የሜዳው ጠባቂ ማቪስ የምትባል፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ የዝናብ ልብስ የለበሰች ሴትዮ ነበረች። በመስኮቱ በኩል አንገቷን አስገብታ ወደ ኋላ አየች።

"የታለ ታዲያ?"

"ማን?" አልኩ።

"ውሻው ነዋ። ውሻ ይገባል ወይ ብለው ሁለት ጊዜ የደወሉት እርስዎ አይደሉም? ሁለት ጊዜም ይገባል አልኩዎት። እንዲያውም ደስ ያለዎት አልመሰለኝም።" ከኪሷ ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን አውጥታ በአጥንት ቅርጽ የተሠራ የውሻ ብስኩት ለቤሪል ዘረጋችላት። "እንኪ የኔ እናት። ሌላ ጊዜ ይበላዋል።"

ቤሪል ብስኩቱን ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ወደ እኔ አልዞረችም።

ጠጠር በፈሰሰበት ረድፍ ስድስት ካምፐሮች ቆመው ነበር፤ ከየጎናቸው በተዘረጋው የሸራ ጥላ ሥር ውሻ ታስሯል። እኔ እነሱን አልፌ ጥግ ላይ ያለው ሣር ላይ አቆምኩ። ለብቻችን እንድንሆን ብዬ ነው። በዝናብ ወቅት ሣር ላይ እንደማይቆም የመጀመሪያ ዓመት ጀማሪ እንኳ ያውቃል። ሽብልቅ ይዤ ወረድኩና መኪናዋ እኩል እንድትቆም እንደ ልማዳችን ጎማው ሥር አስገባሁ። ውሃ ልኩን ከውስጥ ሆና የምታነበው ቤሪል ናት።

"ወደ ግራ አዘንብሏል" አለች።

"አሁንስ?"

"ይበቃል።"

ማታውን ስለ ንፋሱ አወራን። ወደ ሰሜን እንደዞረ፣ ነገ ያባራ እንደሆነ። እኔና እሷ ስንጣላ የምናወራው ስለ አየር ነው። አልጋው ላይ በመሀላችን ማንም አልነበረም፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች፣ እኔም ባዶውን ቦታ ሳላልፈው ነጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ በጎን እየመጣ መስኮቱን ይገርፈው ነበር። ቤሪል ዳቦዋን ቅቤ ቀባችና ሳትበላው አስቀመጠችው።

"ኖርማን፣ እውነቱን ንገረኝ። በሞስ ትቀናለህ?"

"ምን ቆርጦኝ በውሻ እቀናለሁ።"

"ስምንት ኪሎ ነው እኮ። ጠረኑም አይጣል ነው።"

"ጠዋት ስትነሺ መጀመሪያ ደህና አደርክ የምትይው ማንን ነው?" አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ።

ሳቀች፤ ከዚያ ሳል ያዛት። ውሃ ልሰጣት ስነሳ በእጇ ከለከለችኝ።

"አየህ? ይሄን ነው የምልህ። ትንሽ ሳል ሲይዘኝ እንዴት እንደምታየኝ ራስህን ብታየው። ሞስ ስስልም ያው ነው፣ ሳልስልም ያው ነው። ኳሱን ወርውሪልኝ ነው የሚለኝ። እሱ ዘንድ በሽተኛ አይደለሁም።"

 ዳቦውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ "ወደ ቤት እንሂድ። ልጄን ሞስን ከአይቮር ወስደነው እዚያው ሳሎናችን ውስጥ እንሁን" አለች።

ሞተሩን አስነሳሁ። የፊት ጎማዎቹ ባሉበት ዞሩ፣ ጭቃ ረጩ፣ ወደ ታች ሰመጡ። ጎማው ሥር ምንጣፍ አነጠፍኩ፤ ጭቃው ዋጠው። ማቪስ ከነዝናብ ልብሷ መጥታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"ስንት ዓመትዎ ነው በካምፐር ሲዞሩ?"

"አሥራ አንድ።"

"አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠጠር ምን እንደሚሠራ የነገረዎት ሰው የለም?" አለች። "ትራክተሩ የወንድሜ ነው። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው የሚመጣው።"

እንግዲህ ምኞቴ ተፈጸመልኝ። አንድ ቀን ሙሉ፣ እኔና ቤሪል፣ መሄጃ የሌለን። እሷ ግን ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። በመስኮቱ አያት ነበር፤ ከሸራ ወደ ሸራ እየሄደች ጎንበስ ትላለች፣ የማታውቃቸውን ውሾች ጆሮ ታሻሻለች፣ ከባለቤቶቹ ጋር ሻይ ትጠጣለች። አንድ ጎፈሬ ውሻ ደረቷ ላይ ወጥቶ አገጯን ሲልሳት ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ያን ሳቅ የብርዱን ወራት ሙሉ አልሰማሁትም ነበር። በዚያም ውሻ ቀናሁበት፤ ስሙን እንኳ አላውቀውም።

ስትመለስ ፀሐይ ወጥቶ፣ ሣሩ እንፋሎት እያወጣ ነበር። ስልኳን አንስታ አይቮር ጋ ደወለች።

"ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግልኝ" አለችው። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። "የኔ ጌታ፣ የኔ ሆዳም፣ በላህ ወይ? አይቮር አልጋው ላይ አስወጣህ? አውቄዋለሁ፣ አሞላቀቀህ።"

እኔ ሰሐን እያጠብኩ ነበር። ያችን አንድ ሰሐን ደጋግሜ አጠብኳት።

እሁድ ትራክተሩ ጎትቶ አወጣን። ቤት ስንደርስ ሞስ በአይቮር በር ወጥቶ፣ በእግሮቼ መሀል አልፎ፣ እሷ ላይ ዘለለ። ቤሪል ብስኩቱን ከኪሷ አወጣችለት። ዝናብ ነክቶት ለስልሶ ነበር፤ ቢሆንም በላው።

ሰኞ ሕክምናው ተጀመረ። በዚያች መኪና ዳግም አልወጣንም።

ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ፣ ከአልጋ መነሳት ሲያቅታት፣ አይቮርን አስጠራችው። ሞስ እግሯ ሥር ተኝቷል፣ እኔ ወንበር ላይ ነበርኩ።

"ሞስን አንተ ውሰደው፣ አይቮር" አለችው።

አይቮር ወደ እኔ አየ። "ኖርማን አለ አይደል እንዴ?"

"ኖርማን ሲያየው የሚታየው እኔን የቀማው ውሻ ነው። ውሻው ምን አጠፋ?" ከዚያ እጄን ፈልጋ ያዘችው። "ተቀይሜህ አይደለም፣ ሞኙ። አውቅሃለሁ እንጂ።"

እወደዋለሁ፣ እኔ ጋ ይቅር ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ስለ ሞስ አንዴ ዋሽቻታለሁ። በዚያን ሰዓት ብናገር እውነት ይሁን ውሸት እኔም አላውቅም ነበር። እጇን ብቻ አጥብቄ ያዝኩ።

ኦክቶበር 9 ቀን አረፈች። በማርች ካምፐሩን ሸጥኩት። ሞስ ከአይቮር ጋር ጠዋትና ማታ በቤቴ በር ፊት ያልፋል፤ አይቮር ቆም ብሎ ሰላም ይለኛል፣ ሞስ ገመዱን ጎትቶ ይሄዳል።